ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ታሪካዊ የስፖርት ሜዳዎች

ሜዳ እንደ ታሪክ ቦታ

አንድ የስፖርት ሜዳ ታሪካዊ የሚባለው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያየውና አገር ያስታወሰው ነገር የተፈጸመበት፣ ወይም ያን ነገር የፈጸሙ ሰዎች ተኮትኩተው ያደጉበት መሬት ሲሆን ነው። በዚህ መለኪያ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሁለት ዓይነት ታሪካዊ ሜዳ አላቸው። አንደኛው ውድድር የሚታይበት ነው፤ ጃንሜዳና አዲስ አበባ ስታዲየም ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ተወዳዳሪ የሚወጣበት ነው፤ የእንጦጦ ጫካና የሱሉልታ ሜዳ የዚህ ወገን ናቸው። በመጀመሪያው ዘንድ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ይበዛል፤ በሁለተኛው ዘንድ ተመልካች ከናካቴው ላይኖር ይችላል። የኢትዮጵያን የስፖርት ታሪክ በቦታው ተገኝቶ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማየት ይኖርበታል።

የስፖርት ሜዳዎችን እየዞሩ መጎብኘት በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ የቤዝቦል አፍቃሪዎች መኪናቸውን አስነሥተው ከከተማ ወደ ከተማ እየነዱ የ30ዎቹን የከፍተኛ ሊግ ቡድኖች ሜዳ ለማዳረስ ይጥራሉ። ከሁሉ በፊት የሚፈለጉት ሁለቱ አሮጌ ሜዳዎች ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው የቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክና በ1914 የተከፈተው የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ። ፌንዌይ የሚታወቀው በግራ በኩል በቆመው 11 ሜትር ከፍታ ባለው አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ሪግሊ ደግሞ የሜዳውን ዳር ግድግዳ በሸፈነው ሐረግና እስከ 1988 ድረስ የማታ ጨዋታ መብራት ሳይተከልለት በመቆየቱ ይታወቃል። እነዚህ ሜዳዎች ከኋላቸው ከተሠሩት ይልቅ ጠባብና ምቾት ያነሳቸው ቢሆኑም ጎብኚ የሚጎርፈው ወደ እነርሱ ነው።

ፌንዌይ በአንድ በኩል የኢትዮጵያን ስፖርት ይጎራበታል። የቦስተን ማራቶን ሯጮች ለመጨረሻው መስመር 1 ማይል ገደማ ሲቀራቸው በሜዳው አቅራቢያ ያልፋሉ፤ በዚያው ዕለት ጧት የከተማዋ ቡድን ሬድ ሶክስ በሜዳው የመጫወት ልማድ አለው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ መንገድ ሮጦ 5ኛ ወጥቷል። አበበ መኮንን በ1989፣ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ ሌሊሳ ዴሲሳም በ2013 እና በ2015 አሸንፈዋል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሦስቱ መነሻዎች

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ያዋስኗታል። በ2015 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር አጣምሮ ሸገር ከተማን ሲመሠርት ሦስቱም በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። እያንዳንዳቸው ከዋና ከተማዋ በሚወጣ አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጉ ናቸው፦ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምቴ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። ስለዚህ የየከተማው ነዋሪ ወደ መሐል ለመግባትም ሆነ ወደ ክልሎች ለመውጣት የሚሄድበት መንገድ የስፖርት ሜዳዎቹንም መንገድ ይጋራል።

ሰበታ ከሦስቱ በእግር ኳስ ስሟ ይበልጥ የተሰማ ናት። የከተማዋ ክለብ ሰበታ ከተማ ለ2012 ዓ.ም የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ እስከ 2014 ዓ.ም ቆይቶ ወርዷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሊጉ አሠራር ራሱ ተለውጧል። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ጨዋታዎቹ በየክለቡ ከተማ መካሄዳቸው ቀርቶ ሁሉም ቡድኖች በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት እየተጫወቱ ወደ ሌላ አስተናጋጅ መዛወር ጀመሩ። ቀድሞ እንግዳው ቡድን ወደ ባለሜዳው ሲሄድ፣ በአዲሱ አሠራር ሁለቱም ቡድኖች እንግዳ የሚሆኑበት ጊዜ በዛ። ደጋፊም ቡድኑን በአካል ለማየት አዲስ አበባን፣ ጅማን፣ ባሕር ዳርን፣ ድሬዳዋን ወይም ሐዋሳን ማዳረስ ነበረበት። ያልተመቸው በቴሌቪዥን ተከታትሏል።

ቡራዩ በአስኮ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር ተያይዛ ያደገች፣ ለዋና ከተማዋ ውሃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብ የሚገኝባት ከተማ ናት። የእግር ኳስ ሕይወቷ በአብዛኛው በመንደር ቡድኖች፣ በትምህርት ቤት ሜዳዎችና በዝቅተኛ ሊጎች የሚታይ ነው። እንዲህ ያለው ሜዳ የዋንጫ ታሪክ ባይኖረውም ሊጉ የሚመገበው ከዚህ ነው። የጎሉ ቋሚ ባሕር ዛፍ፣ መስመሩ በእግር የተረገጠ አፈር የሆነበት ሜዳ በከተሞች መስፋፋት መጀመሪያ የሚጠፋውም እርሱ ነው፤ ካርታ የሌለው ባዶ መሬት ሆኖ ስለሚታይ።

ሱሉልታ የእንጦጦን ጀርባ ይዛ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች፣ ሰፊ የሣር ሜዳ ያላት ከተማ ናት። ለሩጫ ታሪክ ያላት ቦታ ሰፊ በመሆኑ ከታች ለብቻው ይቀርባል።

ጃንሜዳ

ጃንሜዳ ከስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኝ ሰፊ ገላጣ መሬት ነው። በአዲስ አበባ ካሉት የስፖርት ቦታዎች ሁሉ ከቤተ መንግሥት፣ ከሃይማኖትና ከሕዝብ ጨዋታ ጋር በአንድነት የተሳሰረው እርሱ ነው። የፈረስ ሽቅድምድምና ጉግስ፣ የጦር ሠራዊት ሰልፍ፣ የገና ጨዋታ፣ የእግር ኳስና የአገር አቋራጭ ሩጫ ተካሂደውበታል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ የሚያድሩት፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት የሚከበረውም በዚሁ ሜዳ ነው። አንድ ሜዳ ለዚህ ሁሉ የበቃው ምንም ስላልተሠራበት ነው፤ ቋሚ መቀመጫና ግንብ ቢኖረው ኖሮ ለአንዱ ሲመች ሌላውን ባገለለ ነበር።

በጃንሜዳ ከሚታዩት ጨዋታዎች በዕድሜ የሚበልጠው የገና ጨዋታ ነው። ሁለት ወገን ተጫዋቾች ጫፉ በታጠፈ ዱላ ትንሽ ሩር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ለማድረስ ይታገላሉ። የተጫዋቹ ቁጥርና የሜዳው ስፋት እንደ ስምምነቱ ይለያያል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 በመሆኑ ጨዋታው መኸር ገብቶ መሬቱ በደረቀበት ወቅት ላይ ይውላል። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የሚገፋፉበት፣ ባላገሩ ባለሥልጣኑን በቃል ሸንቆጥ ቢያደርግ የማይቀየምበት ጨዋታ በመሆኑም ከስፖርትነቱ በላይ ማኅበራዊ ትርጉም ነበረው።

የዘመናዊው ሩጫ ታሪክ በጃንሜዳ የሚታየው በአገር አቋራጭ ውድድር ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በየዓመቱ የሚያካሂደው የጃንሜዳ ዓለም አቀፍ አገር አቋራጭ ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄደውን ቡድን ለመምረጥ ሲያገለግል ቆይቷል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ወጣ ገባ በሆነ ሣር ላይ፣ ከመላ አገሪቱ ክለቦች የተሰበሰቡ ሯጮች ለጥቂት ቦታ ይሻሙበታል። በዓለም መድረክ ሜዳሊያ ያገኘ ብዙ ሯጭ መጀመሪያ ያለፈው በዚህ ማጣሪያ ነው።

ሜዳው አደጋም ደርሶበት ያውቃል። በ2012 ዓ.ም የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ መጨናነቅን ለመቀነስ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በመኪናና በሰው ብዛት ሣሩ ጠፋ፣ መሬቱም ጨቀየ። ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለ2013 ዓ.ም ጥምቀት እንዲደርስ የተደረገው ከብዙ የጽዳት ሥራ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ስታዲየም

እግር ኳስ በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተዘወተረው በዋናነት በውጭ ማኅበረሰቦች ዘንድ ነበር። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ሌሎችም የየራሳቸውን ቡድን ይዘው ይገጥሙ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት የኢትዮጵያውያን ክለብ በእነዚህ መካከል ቆመ። ወዲያው የመጣው የፋሽስት ወረራ በስፖርት ሜዳም የነጭና የአገሬው ተወላጅ መለያየትን አስገባ። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም ሲካሄድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የሚሲዮኑ ቡድን ነው። የተጋጣሚዎቹ ስም ዝርዝር ብቻውን የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ያሳያል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማይታለፈው ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስና በብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል፤ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኗል። ኮንፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች።

አዲስ አበባ ስታዲየም ከመስቀል አደባባይና ከለገሃር አጠገብ ይገኛል። ቀድሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ በከተማዋ ስም ተጠራ። 35 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ሲሆን የእግር ኳሱን ሜዳ የሩጫ መም ይከበዋል። የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጊዜ ሲስተናገድበት ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሆኗል።

የመጀመሪያው ጥር 1954 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ብቻ የተሳተፉበት ውድድር ነበር። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጥር 13 ቀን ለፍጻሜው ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገች። መደበኛው 90 ደቂቃ 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ግብ አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከካርቱሙ ሽንፈት በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ የተገኘው ይህ ድል እስከ አሁን ኢትዮጵያ ያነሣችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

ሁለተኛው በጥር 1960 ዓ.ም በአዲስ አበባና በአስመራ የተካሄደው ነው። ኢትዮጵያ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በኮንጎ ኪንሻሳ ተሸነፈች፤ ኮንጎም አዲስ አበባ ላይ ጋናን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። ሦስተኛው በ1968 ዓ.ም፣ ከአብዮቱ ጥቂት ቆይቶ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። ያን ጊዜ አሸናፊው የሚለየው በፍጻሜ ጨዋታ ሳይሆን በመጨረሻው ዙር በተሰበሰበ ነጥብ ነበር። ሞሮኮ በመጨረሻው ቀን ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ሻምፒዮን ሆነች። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ግን ከምድቧ አላለፈችም።

ስታዲየሙ ከዚያ በኋላ ረጅም የጥበቃ ዘመን አሳልፏል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳታልፍ 31 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። ቡድኑ በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ሦስት ግቦች ብልጫ ኢትዮጵያ አለፈች። ግቦቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ናቸው። ሜዳው ለአትሌቲክስም ትልቅ መድረክ ሆኗል፤ በ2000 ዓ.ም የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮናን አስተናግዷል።

የስታዲየሙ ሌላው ታሪክ በመቀመጫዎቹ ላይ ያለው ነው። ደጋፊው መቀመጫውን በቁጥር ሳይሆን በስም ያውቀዋል፦ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። አንድ ሰው የት እንደሚቀመጥ ሲናገር አቅሙንና ጓደኞቹን፣ ከዚያም አልፎ ጨዋታውን በምን ዓይነት ስሜት እንደሚያይ ይናገራል። በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና ፍልሚያ ቀን ደጋፊዎች ከጨዋታው ብዙ ሰዓት በፊት ገብተው በዘፈንና በጭፈራ ይሟሟቁ ነበር። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጣውም ደጋፊ ማልዶ ተነሥቶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወረፋ ለመያዝ ይሽቀዳደም ነበር።

ስታዲየሙ እያረጀ ሲሄድ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ደረጃ ማሟላት ተሳነው፤ ለዕድሳትም ተዘጋ። ተለዋጭ ሆኖ ሲያገለግል የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየምም በ2014 ዓ.ም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ታገደ። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለመጫወት ተገድዷል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ባለሜዳ ተብላ የተጫወተችው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነበር። በ1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተሞላው መቀመጫ በዚያ ቀን ለኢትዮጵያ ደጋፊ በሺህ ኪሎ ሜትሮች የራቀ ነበር። የስታዲየም ይዞታ ጉዳይ ከሕንፃ ጥገና የሚያልፍበት ምክንያት በዚህ ይታያል፤ ሜዳ ያጣ ሕዝብ ድሉን ከሩቅ ይሰማል።

እንጦጦና ሱሉልታ

ሁለተኛው ዓይነት ታሪካዊ ሜዳ የሚጀምረው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሰሜን በሚወጣው ዳገት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተተከለው ባሕር ዛፍ የሸፈነው እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። የጎጃም መንገድ የተራራውን ትከሻ ተሻግሮ ሲወርድ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል።

የዚህ መንገድ ስም ከአበበ ቢቂላ ጋር የተያያዘ ነው። ሕይወቱን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሳለ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ከዚያ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የማራቶን አሸናፊ ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ሰዓቱን ወደ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አውርዶ በድጋሚ አሸነፈ። በተከታታይ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ እርሱ የመጀመሪያው ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም ዐረፈ። በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

በ1961 ዓ.ም ጥቅምት 10 ቀን ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶንን ሲያሸንፍ የከፍታ ጉዳይ ለዓለም ግልጽ ሆነ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከቆላ የመጡ ሯጮች ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። በሱሉልታ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ ሳምባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ከኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ሯጩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ሲወዳደር ይህ ትርፍ አብሮት ይወርዳል። ከፍታ ግን ብቻውን ሻምፒዮን አያወጣም። በከፍታ ላይ ፈጣን ልምምድ መሥራት ስለሚከብድ አሠልጣኞች ጫካውን፣ ሜዳውን፣ አስፋልቱንና ትራኩን ያፈራርቃሉ፤ ለፍጥነት ልምምድም ቡድናቸውን እንደ አቃቂ ወዳሉ ዝቅ ያሉ ቦታዎች ይወስዳሉ።

የልምምዱ መልክ በቦታው በግልጽ ይታያል። ሯጮች ገና ጎህ ሲቀድ በቡድን ተሰልፈው፣ አንዱ መሪ ሌላው ተከታይ ሆኖ፣ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ወጣ ገባው መሬት ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፤ ለስላሳው አፈር ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይራራል። ከፊት ያለው ፍጥነቱን ያወጣል፣ ከኋላ ያለው ላለመቅረት ይታገላል፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እምብዛም አይታይም። ታዋቂው ሯጭና ከገጠር ትናንት የመጣው ወጣት በአንድ መስመር ላይ የሚገኙበት ሌላ የስፖርት ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

ሱሉልታ ዛሬ ሣር ብቻ አይደለችም። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ ትራክና ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ጋር የተያያዘው ያያ ቪሌጅ በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛሉ። የብሪታኒያው ሞ ፋራህን የመሰሉ የውጭ ሯጮችም ለልምምድ ወደዚህ መጥተዋል። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2004 በ5 ሺህ ሜትር 12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በ10 ሺህ ሜትር 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን የጨበጠ ሯጭ ነው። በውድድር ያገኘውን ገንዘብ የመሮጫ ትራክ ላይ ማዋሉ ለሱሉልታ ቀጣይ ትውልድ የተረፈ ሥራ ነው።

አዲሱ ስታዲየምና ሩቁ መንገድ

በቦሌ ክፍለ ከተማ እየተገነባ ያለው አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደ ነው። ግንባታውን በ2008 ዓ.ም የጀመረው የቻይናው ስቴት ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ኩባንያ ነው። ሲጠናቀቅ ብሔራዊ ቡድኑን ወደ አገሩ ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከአሮጌው ስታዲየም በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ቢሆንም ታሪክ ገና አልተጻፈበትም።

ጉዞውን ለማራዘም ለሚሻ ሦስቱ አውራ ጎዳናዎች ራሳቸው ምሪት ይሰጣሉ። የሱሉልታው መንገድ ጎጃምን አቋርጦ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ በዚያ በ2007 ዓ.ም ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ትልቅ ስታዲየም አለ። የሰበታው መንገድ ወደ ጅማ ይወስዳል፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። የቡራዩው መንገድ በአምቦ በኩል ወለጋ ስታዲየም ወደሚገኝበት ነቀምቴ ያደርሳል። ረጅም ጉዞ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ ማጣራት ያስፈልጋል።

ጉብኝቱን ማቀናጀት

የአዲስ አበባውን ዙር በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሰዓት ነው። የሱሉልታና የእንጦጦ ሯጮች የሚታዩት ጧት በመሆኑ ጉዞው ከዚያ ቢጀመር ይመረጣል። ከረፋዱ በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ ወርዶ ጃንሜዳን፣ ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙንና የመስቀል አደባባይን አካባቢ ማየት ይቻላል። ከሰበታ የሚነሣ በአለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ የሚነሣ በአስኮ በኩል መጥቶ ወደ አዲሱ ገበያ መሻገር ይችላል። የራሱ መኪና የሌለው በሚኒባስና በአውቶቡስ ይጓዛል፤ ከስታዲየሙ አጠገብ የቀላል ባቡር ፌርማታ አለ።

ወቅቱም ይመረጣል። በክረምት የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይቋጥራል፣ የጃንሜዳም ሣር ይጨቀያል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ መሬቱ ደረቅ፣ ጧቱ ብርዳም፣ የስፖርትና የበዓል ዝግጅቱም የበዛ ነው። በ1994 ዓ.ም የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኅዳር ይካሄዳል፤ የገና ጨዋታ፣ ጥምቀትና የጃንሜዳ አገር አቋራጭ ይከተሉታል።

ጎብኚው ሊያከብራቸው የሚገቡ ጥቂት ደንቦች አሉ። በልምምድ ላይ ያለን ሯጭ አስቁሞ ፎቶ መጠየቅ የልምምዱን ሰዓት ያበላሻል። በትራክ ላይ የውስጠኛው መስመር ለፈጣን ሯጭ የተተወ በመሆኑ አይቆምበትም። የግል ማሠልጠኛዎችና በዕድሳት ላይ ያሉ ስታዲየሞች ያለ ፈቃድ አይገቡም፤ ከውጭ ግን ቅርጻቸውን፣ በሮቻቸውንና ከከተማው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማየት ይቻላል። ጃንሜዳ ለሃይማኖታዊ በዓል በሚዘጋጅበት ሰሞን ቦታው የጸሎት ስፍራ ስለሚሆን አለባበስና አኳኋን በዚያው ልክ ይሆናል።

መምህራን ተማሪዎችን ይዘው ሲሄዱ በየሜዳው ሦስት ጥያቄ ማስመለስ ይጠቅማል፦ መሬቱ የማን ነበር፣ መጀመሪያ እንዲገባበት የተፈቀደለት ማን ነው፣ ዛሬስ ማን ይጠቀምበታል? በጃንሜዳ መልሱ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ ይሄዳል። በስታዲየሙ ከውጭ ማኅበረሰብ ቡድኖች ወደ አራዳ ልጆች፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቡድን ያልፋል። በሱሉልታ ከአንድ ወታደር መንገድ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ ማሠልጠኛ ይደርሳል። ተማሪዎቹ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ሲመለሱም እነዚሁኑ ጥያቄዎች ለሰፈራቸው ሜዳ ሊያነሡና መልሱን ከሰፈር አዛውንቶችና ከቀድሞ ተጫዋቾች ጠይቀው ሊመዘግቡ ይችላሉ። ዋንጫ ያልተነሣበት ሜዳ ታሪኩ ተጽፎ የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው።